የንብ መልእክትና የጎረቤት ሐቅ



በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ያላችሁ ቤተሰቦች ማር ከገበያችሁ፣ ቀፎም ከደጃችሁ አይጠፋም። በመስከረምና በጥቅምት የወለጋ ማሳ በኑግ አበባ ቢጫ ሲለብስ ንቦች ወዴት መሄድ እንዳለባቸው እንዴት ይነጋገራሉ? ለምንስ ይነጋገራሉ?

አላህ (ሱ.ወ.) 16ኛውን ሱራ በንብ ስም ሰይሞታል፤ አን-ነሕል ይባላል። በ68ኛውና በ69ኛው አንቀጽ ቤቷን በተራራ፣ በዛፍና ሰዎች በሚሠሩት ላይ እንድታደርግ፣ ከየፍሬውም እንድትመገብ ያሳወቃት እርሱ መሆኑን እንረዳለን።

አበባ ያገኘች ንብ ተመልሳ በጨለማው ቀፎ ውስጥ፣ በማር እንጀራው ላይ ሆዷን እያወዛወዘች ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ዞራም ትደግመዋለች። ሽቅብ ከሄደች አበባው በፀሐይ አቅጣጫ ነው። ከሽቅቡ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ካዘነበለች፣ አበባው ከፀሐይ 40 ዲግሪ ወደ ቀኝ ነው። ውዝዋዜው በረዘመ ቁጥር ቦታው ይርቃል፤ አንድ ሰከንድ በግምት አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን የፈታው ኦስትሪያዊው ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከሁለት ሊቃውንት ጋር ተጋርቷል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እያንዳንዷ ብቻዋን ብትፈልግ ቀኑ በከንቱ ያልፋል፤ በመልእክቱ ግን የአንዷ ድካም ለሺዎች ይተርፋል። ለአደጋም ምልክት አላቸው። ቀፎው ሲነካ ጠባቂዎቹ የተለየ ሽታ ይለቃሉ፤ ሌሎቹም ለመናደፍ ይወጣሉ። ማር ቆራጮች የሚያጨሱት ጭስ ይህን ሽታ ይሸፍነዋል። በሱረቱ ነምልም አንዲት ጉንዳን የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ሠራዊት ሲመጣ ወገኖቿን ስታስጠነቅቅ እናገኛለን።

እዚህ ላይ የእኛ አደራ ይመጣል። ባበበ ማሳ ላይ ረፋድ ላይ ፀረ ተባይ ቢረጭ፣ ንቧ መርዙን ለይታ ላታውቀው ትችላለች። እዚያው ካልሞተች ተመልሳ ትወዛወዛለች፤ በእውነተኛ ምልክት እህቶቿን ወደ ሞት ትጠራለች። መርዙንም ለቀፎው ይዛ ትገባለች። የሚከስረው ደግሞ ቀፎ የሰቀለው ጎረቤት ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ንብንና ጉንዳንን እንዳንገድል ከልክለዋል፤ የጎረቤትንም ሐቅ አጥብቀው አስተምረዋል። ስለዚህ አበባ ባለበት ማሳ ላይ አንርጭ። ግድ ከሆነብንም ንቦች ከገቡ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ እንርጭ። ከመርጨታችን በፊት ጎረቤታችን ሙስሊምም ይሁን የሌላ እምነት ተከታይ፣ ቀፎውን እንዲጠብቅ እንንገረው። ንብ ያየችውን ለወገኖቿ ካልደበቀች፣ እኛ ለጎረቤታችን አንድ ቃል እንዴት እንነፍጋለን?

አላህ አደራቸውን ከሚወጡት ያድርገን።