ሳይሞት የተነበበ የሕይወት ታሪክ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 የሒሳቡ ሪፖርት አልቆ ምሳው እስኪቀርብ ያለችውን ጥቂት ጊዜ ለኛ ስለፈቀዳችሁልን እናመሰግናለን። በባዶ ሆድ ንግግር እንደማይጥም እናውቃለንና ብዙ አናስረዝምም።

ዛሬ የምናነብላችሁ የሕይወት ታሪክ ነው። እንዴ! ማን ሞተ? እንዳትሉ። ማንም አልሞተም። ታሪኩ የሚነበብለት ሰው እነሆ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ጋቢውን ለብሶ ቁጭ ብሏል። ታላቅ ወንድማችን ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» ስለምንለው ዛሬም በዚያው እንጠራዋለን። እኛ ስንል ሦስታችንን ታናናሾቹን ማለታችን ነው። ብዕሩ የአንዳችን ቢሆንም ጥፋቱም ምስጋናውም የሦስታችን ነው።

ባለፈው ሳምንት ነገሩን ስናማክረው «ገና በቁሜ ልታነቡኝ ነው? እናንተ ሟርተኞች!» ብሎ ሳቀብን። ቢሆንም አልከለከለንም።

ይህን ለማድረግ ያነሣሣን ምክንያት አለ። እንደሚታወቀው የእድር ጸሐፊ ሥራው መዋጮ መመዝገብና ቀሪ መቁጠር ብቻ አይደለም። ሐዘን ሲደርስ ቤተ ሰቡ «አንተ የቢሮ ሰው ነበርክ፣ አንተ ጻፍልን» ይላል። እኛም ከጡረታ ወዲህ የስንቱን የሕይወት ታሪክ ጽፈናል። መቼ ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ የት ሠሩ፣ ስንት ልጆች አፈሩ። አጻጻፉ ሁሉ አንድ ነው። ነገር ግን በጻፍን ቁጥር አንድ ያላወቅነው ነገር ይወጣል። ሃያ ዓመት አብረናቸው ድንኳን የተከልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ለካስ በወጣትነታቸው ከአዋሽ ሙላት ውስጥ ሰው ጎትተው አውጥተው ኖሯል። እኛ ይህንን የሰማነው መቃብራቸው አፋፍ ላይ ቆመን ነው። «ምነው ሳይሞቱ በጠየቅናቸው» ተባባልን፣ ንፍሯችንን በላን፣ ተበተንን። እንግዲህ በገዛ ወንድማችን ላይ ይህ እንዳይደርስብን ፈራን።

የወንድም ጋሼ ታሪክ ከአንድ መጽሐፍ ይጀምራል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ቤታችን እዚሁ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው በታች ነበር። አባታችን የቀን ሠራተኛ፣ እናታችን ባቡር በቆመ ቁጥር ለተሳፋሪ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል የምትሸጥ ነበረች። አንድ ዓመት ወንድም ጋሼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣና የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ተሸለመ። ከዳዊትና ከወንጌል በቀር በቤታችን የገባ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። እናታችን ማንበብ አትችልም፤ ግን እንዳይቀደድ ብላ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ለበጠችው።

በዕድሜ የኛ እኩዮች የሆናችሁ መጽሐፉን ታውቁታላችሁ። አጭር ታሪክ ይነገርና ምክር ይከተለዋል። አንዳንዱ በግጥም ነው። ደራሲው ከበደ ሚካኤል በ1991 ዓ.ም. ያረፉት፣ የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት» በአማርኛ ያስነበቡን፣ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለውን መጽሐፍ የጻፉት ትልቅ ሰው ናቸው። እኛ ግን ያን ጊዜ ይህንን ሁሉ ከየት አውቀን! ለኛ ደራሲው ማታ ማታ በኩራዝ መብራት በወንድም ጋሼ አፍ የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ወንድም ጋሼ ሲያነብ ለእያንዳንዱ እንስሳ ለየት ያለ ድምፅ ያወጣ ነበር። እናታችን እንጀራ እየጋገረች ትሰማና ጥፋተኛው ሲቀጣ «ደግ አደረገው!» ትላለች።

የመጽሐፉ የመጨረሻ ቅጠል ባዶ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ የዚያኑ ደራሲ «አዝማሪና የውሃ ሙላት» የሚለውን ግጥም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ወንድም ጋሼ በዚያ ባዶ ቅጠል ላይ በእርሳስ ገለበጠው። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አዝማሪ ወንዝ ሞልቶበት እንዲያሻግረው ውሃውን በዜማ ያሞግሰዋል። መንገደኛው ደግሞ ይታዘበውና ድካሙ ከንቱ መሆኑን ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ዜማውን የሰማው ውሃ ቁልቁል ወርዷል፣ አሁን ከፊቱ ያለው ምንም ያልሰማ ሌላ ውሃ ነው።

ወንድም ጋሼ ግጥሙን በቃሉ ያዘ። አልበቃውም። ከተጣለ የእናሜል ሳህን፣ ከሁለት እንጨት፣ ከበግ ቆዳና ከብስክሌት ፍሬን ገመድ ውስጥ ከተፈለቀቀ ሽቦ ባለ ስድስት አውታር ክራር ሠራ። ማንም አላስተማረውም። ገበያ ለገበያ ከሚዞር አንድ ዓይነ ስውር ደርዳሪ ኋላ እየተከተለ ትዝታውን፣ ባቲውን፣ አምባሰሉንና አንቺ ሆዬውን ለየ። ያን ግጥምም በትዝታ ቅኝት አወጣው። ስድስተኛ ክፍል ነበር።

በ1961 ዓ.ም. አባታችን በወባ ሞተ። ወንድም ጋሼ በማግስቱ ሰኞ ትምህርት ቤት አልሄደም። በጭነት መኪና ረዳትነት ተቀጠረ። መጽሐፉንም ለኛ ሰጠንና «እኔ ጨርሼዋለሁ፤ አሁን የናንተ ተራ ነው» አለን። ልጆች ነበርንና እውነት መሰለን። መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ትምህርቱም የኛ ተራ እንዲሆን ነበር ያለው። እኛም በሱ ደመወዝ ስድስተኛ ክፍልን ጨረስን፣ ታይፕ ተማርን፣ ጸሐፊ ሆንን፣ ከወንበር ላይ ተቀመጥን።

እሱ ግን ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት አድጎ ዕድሜውን በሙሉ በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ፈጀ። ሞጆ፣ ቆቃ፣ ዓለም ጤና፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። ሲሄድ ሲሚንቶና ጨው፣ ሲመለስ ሽንኩርትና ቲማቲም። ክራሩ ከወንበሩ ጀርባ በጆንያ ተጠቅልሎ አይለይም። መኪና ሲበላሽ፣ ጭነት ሲዘገይ፣ ማታ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሲታደር ያወጣዋል። በአማርኛም በኦሮምኛም ይጫወታል። የኦሮምኛውን ዘፈን የተማረው ዝዋይና መቂ ከጫኝ ከአውራጁ ጋር ሲያመሽ ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ሰርጋችን የተደረገው በ1973 ዓ.ም. ነው። ወንድም ጋሼ ከሳምንት በፊት መጥቶ «ለሰርጋችሁ አዲስ ዜማ አዘጋጅቻለሁ» አለን። እኛ ደግሞ ከመሥሪያ ቤት አለቆች ይመጣሉ፣ ኦርጋንና ጊታር ያለው ባንድ ተከራይተናል። «የአዝማሪ ወንድም» መባልን ፈራን። «ክራሩ ይቅር፤ ሰው ምን ይለናል» አልነው። ምንም አልመለሰልንም። በሰርጉ ቀን የለስላሳ ሳጥን ሲያመላልስ፣ ወንበር ሲደረድር ዋለ። በነጋታው ገና ሳይነጋ መኪናውን አስነሥቶ ወደ መቂ ሄደ። ያ ዜማ ምን ይመስል እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ከዚያ በ1996 ዓ.ም. ለለቅሶ መቂ ሄድን። አንድ ሻይ ቤት ገብተን ስናወራ ባለቤትየዋ ድምፃችንን ሰምታ መጣችና «እናንተ የክራሩ ሾፌር ወንድሞች ናችሁ እንዴ? ድምፃችሁ አንድ ነው» አለችን። አዎ ስንላት ሻዩን አታስከፍለንም! ባሏ የሞተ ጊዜ፣ ከአርባው በኋላ፣ ወንድም ጋሼ በመጣ ቁጥር ደጃፏ ላይ ቀስ ብሎ ይደረድርላት እንደነበረ ነገረችን። «በዚያ ወራት እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱ ባደረ ሌሊት ብቻ ነበር» አለች። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ወንድማችንን መቂ ታውቀዋለች፣ እኛ ናዝሬት ተቀምጠን አናውቀውም።

ታዲያ ቤት ስንገባ ነገርነው? አልነገርነውም። ወንድም ለወንድም እንዲህ ያለ ነገር መናገር ያሳፍራል። ለሞተ ሰው ማልቀስ አያሳፍርም፤ ቁጭ ብሎ ለሚበላ ሰው «ጨዋታህ ደስ ይለናል» ማለት ግን ከንፈር ያስራል። ይህ የኛ ብቻ አይመስለንም።

አምና አንዷ ልጃችን በስልኳ አንድ የፒያኖ ጨዋታ አሰማችን። ቃል የለውም፤ ግን የቤተ ክርስቲያን ዜማም የትዝታም ሽታ አለበት። የማን ነው ብንላት የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው አለች። ታሪካቸውንም አነበበችልን። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። በሕፃንነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጠላት ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ወርደው ሙዚቃ አጠኑ። ከዚያ ሁሉ በኋላ መነኰሱና ግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ ገቢውንም ለችግረኛ ልጆች አዋሉት። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው ግን ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ፓሪስ በድጋሚ ከታተመ ወዲህ ነው። በመካከሉ 39 ዓመት አለ! ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 82 ነበር። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

እኅታቸው ደግሞ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ፣ በ1949ኙ ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተሙ ናቸው። ከአንድ ቤት አንዷ በመጽሐፍ፣ አንዷ በሙዚቃ። ይህንን ስንሰማ የኛም የጭቃ ቤት ትዝ አለችን። ስዊዘርላንድ ባንሄድም በሲሚንቶ ወረቀት የተለበጠ መጽሐፍና የሳህን ክራር ነበረን። እማሆይስ ዕድሜ ስለሰጣቸው ምስጋናቸውን በጆሯቸው ሰሙ። በ70 ዓመታቸው ቢያልፉ ኖሮ ያ ሁሉ ሙገሳ የሚወድቀው መቃብር ላይ ነበር።

ሩቅ ሳንሄድ እዚሁ ከተማችን ያረፈውን አሊ ቢራን እናስታውስ። ሞቱ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አገር አለቀሰለት፤ ደግሞም በሕይወት ሳለ በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ወንድም ጋሼ በዝዋይ መንገድ የአሊን ዘፈን ሲጫወት የኖረ ነውና ያን ዜና በሬዲዮ የሰማ ዕለት «ጎሽ! በቁሙ አከበሩት» ያለው ትዝ ይለናል። ያን ጊዜም የተናገረው ስለ አሊ ብቻ መሰለን።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ ስማን። ሃምሳ ዓመት ስትዘፍንልን እኛ ያ የወንዝ ውሃ ነበርን፤ እየሰማን አለፍን። አሁን ቆመናል። ክራርህ ደስ ይለን ነበር። ያኔ በኩራዝ ስታነብልን እንቅልፍ የወሰደን እያስመሰልን አንድ ገጽ እንድትጨምርልን እንጠብቅ ነበር። በሰርጋችን ቀን ያደረግነው ነውር ነው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እንጠይቅሃለን። የሦስታችንም እንጀራ የተጋገረው በመሪህ ላይ ነው።

ውድ አባሎቻችን፣ ንግግራችንን በአንድ ሐሳብ እንዝጋ። በየዓመቱ በጠቅላላ ጉባኤያችን የአንድ በሕይወት ያለ አባል ታሪክ ለዐሥር ደቂቃ ይነበብ። ክርስቲያንም ይሁን እስላም፣ ጋሪ ነጂም ይሁን መምህር፣ ተራው በዕጣ ይውጣ። የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና አንድ ሰው ነው፤ ከእድሩ ካዝና ሳንቲም አይወጣም። መጻፉን እኛ በነጻ እንጽፋለን። ሥራ አመራሩ ሐሳቡን ለድምፅ ቢያቀርብልን ደስ ይለናል።

መጽሐፉ እነሆ በእጃችን ነው። ልባሱ አልቋል፣ ጥቂት ገጾችም የሉም፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያለው የእርሳስ ጽሕፈት ግን ይነበባል። ዛሬ ለባለቤቱ እንመልሳለን። እኛ ጨርሰነዋል፤ አሁን የልጅ ልጆቹ ተራ ነው።

ክራሩንም ሳያውቅ ከቤቱ አምጥተነዋል፤ ከጠረጴዛው ሥር አለ። ጣቶቹን ቁርጥማት ስለያዘው ብዙ አታስቸግሩት። ከምሳ በኋላ ፈቃዱ ከሆነ ያንን የ1973ቱን የሰርግ ዜማ ብቻ ያሰማን።