የሚግለው ኮምፒዩተርና የቦኖሻው አቧራ
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየካቲት ዕረፍት ጥቂቶቻችን ወደ ቦኖሻ ወርደን ስለ ነበር፤ እዚያ ስላየነው አንድ የኮምፒዩተር ሕመም እንድንናገር የማኅበሩ ጸሐፊ አዞናል። ሕመሙ ሙቀት ነው። ነገሩ ለኮምፒዩተር ተማሪዎች ብቻ የሚነገር እንዳይመስላችሁ። የመመረቂያ ጽሑፉን በኮምፒዩተር የማያስጽፍ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን አለ?

በከተማይቱ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አምስት ዴስክቶፖች ይሠራሉ። ጧት ሲከፈቱ ደኅና ናቸው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ይንቀረፈፋሉ፤ ከቀትር በኋላ ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ያለ ማስጠንቀቂያ ድርግም ይላሉ። የቤቱ ባለቤት የሆኑት እናት «ቫይረስ ነው» ስለ ተባሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት አስደርገዋል። የተከፈለው ገንዘብስ ይሁን፤ ነገር ግን በየጊዜው ከዲስኩ ላይ የሰው ሥራ አብሮ ተደምስሷል። ከጠፋውም አንዱ የአንድ መምህር የማስተርስ ጽሑፍ ነበር፤ ሰውየው ከእጅ ጽሑፉ እንደ ገና አስጽፎ፤ የማስረከቢያው ቀን ሊያልፍ ሁለት ቀን ሲቀረው አደረሰ። ሆዱን ላመመው ሰው ጥርሱን መንቀል ማለት ይህ አይደለምን?

ሙቀቱ ከወዴት ይመጣል ቢባል፤ ፕሮሰሰሩ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከምናያቸው ዴስክቶፖች ብዙዎቹ የ65 ዋት ፕሮሰሰር አላቸው። የድሮውን ባለ 60 ዋት አምፑል በርቶ ሳለ በእጁ የነካ ሰው የዚህን ሙቀት ልክ ያውቀዋል። ፕሮሰሰሩ ግን በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ይህን ያህል የሚያወጣው የአውራ ጣት ጥፍር ከምታህል የሲሊኮን ቁራጭ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ መንገድ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ከፕሮሰሰሩ ወደ ቅባቱ፤ ከቅባቱ ወደ ሂትሲንኩ ብረት፤ ከብረቱ በማራገቢያው ኃይል ወደ አየር፤ ከዚያም በሳጥኑ ጀርባ ወደ ውጭ ነው። ከእነዚህ በአንዱ ላይ መንገዱ ከተዘጋ ሙቀቱ ተመልሶ በፕሮሰሰሩ ላይ ይከማቻል።

ቫይረስ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የወጣው ፔንቲየም 4 ሙቀቱ ሲያይል ራሱ ሥራውን የሚያቀዘቅዝበትን ዘዴ ይዞ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከመጡት ብዙዎቹም ይህንኑ ያደርጋሉ። በብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወሰኑ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ወሰኑን አልፎ ሙቀቱ ከጨመረ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይጠፋል። እንግዲህ ያ መንቀርፈፍ ራስን መከላከል ነው።

እርግጥ ነው፤ ፕሮሰሰሩን ሌት ተቀን በከንቱ የሚያሠራ ቫይረስም አለ። ሁለቱን ለመለየት ግን አንድ ሳንቲም የማያስወጣ መንገድ አለ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዴሊት ወይም ኤፍ 2 የተባለውን ቁልፍ ደጋግሞ በመጫን ወደ ባዮስ መግባትና የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማንበብ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ዊንዶውስ ገና አልተነሣም፤ የዊንዶውስ ቫይረስም ሊሠራ አይችልም። ቁጥሩ ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ቢቆም አያሠጋም። ዓይናችን እያየ ወደ 80ና 90 ከወጣ ግን መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይፈውሰውም። በቦኖሻ የመጀመሪያው ማሽን በ5 ደቂቃ ውስጥ 91 ደረሰ።

የአገሩም ጠባይ አለበት። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያው እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ስስ ስለ ሆነ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ቦኖሻ ዝቅ ብላ ብትገኝ አየሩ ጥቂት ይወፍራል፤ ነገር ግን ዝቅ ማለቷ ሙቀቱን ይጨምረዋል። በአንዱ ያተረፍነውን በሌላው ከሰርን ማለት ነው። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ አለ፤ ደግሞም ዳንቴል አለ! ለጌጥና ለአቧራ መከላከያ ተብሎ የለበሰው ዳንቴል፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ የሳጥኑን የጀርባ መውጫ ጭምር ሸፍኖት አገኘነው።

ኤሌክትሪኩን ነቅለን የጎኑን ክዳን ስንከፍት በማራገቢያውና በብረቱ መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ነበር። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግነው። በሚጠርጉበት ጊዜ ማራገቢያውን እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ይገባል። የምንጣፍ መጥረጊያውን ቫኪዩም ግን አታስጠጉት፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊገድለው ይችላል። በዚህ ብቻ ሁለቱ ማሽኖች ዳኑ።

ሦስተኛው ከተጠረገም በኋላ ይግል ነበር። ሂትሲንኩን ከማዘርቦርዱ ጋር ከሚያያይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ከቀዳዳው ወጥቷል፤ ብረቱም በአንድ ወገን ተነሥቶ ፕሮሰሰሩን በደንብ አይነካውም። እግሮቹን ማዶ ለማዶ እያፈራረቅን «ቀጭ» እስኪሉ ጫንናቸው።

በአራተኛው ቅባቱ ደርቆ እንደ ኖራ ተፈርፍሯል። አሮጌውን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ጠርገን አንድ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ቴርማል ፔስት አደረግንበት። የቅባቱ ሥራ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው፤ አታካና አይደለምና ቅቤው በበዛ ቁጥር አይጣፍጥም። ደግሞ ሂትሲንኩን ስታነሡ ማሽኑ ጥቂት ሠርቶ ሞቅ ካለ በኋላ አጥፍታችሁና ነቅላችሁ፤ በቀስታ እያወዛወዛችሁ ይሁን፤ በብዙዎቹ የኤኤምዲ ማሽኖች ፕሮሰሰሩ ከደረቀው ቅባት ጋር ተጣብቆ ከነእሾኹ ሊነቀል ይችላልና።

አምስተኛው ከሁሉ ይልቅ አስተማረን። ጠረግነው፤ ቅባቱን ለወጥን፤ ባዮሱም 48 ዲግሪ አሳየ፤ ነገር ግን መጥፋቱን አልተወም። ሙቀት እንዳልሆነ ቁጥሩ ስለ መሰከረ የጎረቤቱን ፓወር ሳፕላይ አውጥተን ብንገጥምለት ቀኑን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። ዲስኩን ማንም አልነካውም፤ በውስጡ ያለው የደንበኞች ጽሑፍም እንዳለ ነው። አዲሱ ፓወር ሳፕላይ ከሆሳዕና እስኪመጣ ድረስ ባለቤቲቱ ዳንቴሉን መልሰው አልብሰውታል፤ ጠፍቶ ሳለ መልበሱን እኛም አልከለከልንም።