ሾፌሩ ሲያንቀላፋ ሕጉም ያንቀላፋል!

(ማንኪራ ላይ ለሾፌሮችና ለረዳቶች ያደረግሁት ንግግር)



የቡና አገር ላይ ቆሞ ስለ እንቅልፍ ማውራት ሳያስቅ አይቀርም። ካፋዎች እንደሚተርኩት ዓለምን ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ቡና የተገኘው ከዚሁ ከማንኪራ ጫካ ነው። ታዲያ ያንን ቡና አዲስ አበባ የሚያደርሰው ሰው መቼ ነው የሚተኛው? የመጣሁት ይህንን ልጠይቅ ነው።

አንድ ጊዜ ከቦንጋ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ወጣሁ። ሾፌሩ ከአዲስ አበባ የመጣው በዋዜማው ነው፤ ሌሊቱን ሲያስጭን አድሯል። ጎጀብን፣ ሸቤን፣ ጅማን አለፍን። በየመሀሉ ባለንብረቱ ይደውላል። «የት ደረስክ?» ነው እንጂ «በላህ? ተኛህ?» የሚባል ነገር የለም። የጊቤን ቁልቁለት ስንጀምር የሾፌሩ አንገት ወደቀ። ረዳቱ ትከሻውን በቡጢ አለው። እኔ ደሜ ደረቀ። እሱ ግን ጉንጩን በጫት እንደወጠረ ሳቀና «ለምጄዋለሁ» አለኝ። እንዴት ነው ይኼ የሚለመደው?

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። አለ እንጂ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ ይላል። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍትም ይሰጣል። ግን ያው አዋጅ በቀን 2 ሰዓት የነበረውን የትርፍ ሰዓት ጣሪያ ወደ 4 ሰቀለው። ለተለየ ምክንያት ብቻ ነው ቢባልም፣ 8 እና 4 ሲደመር 12 ነው። መንገደኛና ዕቃ ስለሚያጓጉዙ ሠራተኞች ሳምንታዊ ዕረፍት ደግሞ ሚኒስትሩ ልዩ መመሪያ «ሊያወጣ ይችላል» ይላል። «ይችላል» እና «አለበት» እኮ አንድ አይደሉም ጎበዝ!

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 153 ሾፌር ያለ ዕረፍት ከ4 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ ትርፍ ሰዓት ተጨምሮ እንኳ በቀን ከ9 ሰዓት አያልፍም። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። አውሮፓ ውስጥ 4 ሰዓት ተኩል የነዳ ሰው 45 ደቂቃ ያርፋል፤ ታኮግራፍ የተባለ መሣሪያ ይመዘግበዋል፣ ፖሊስ ያየዋል። እኛ ዘንድስ? ትራፊኩ መንጃ ፈቃድና ቦሎ ይጠይቃል፤ «ከተነሳህ ስንት ሰዓትህ ነው?» ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።

ዋናው ቁስል ክፍያው ነው። በቢያጆ የሚከፈለው ሾፌር ሲተኛ ገንዘቡም ይተኛል። እሱን «ዕረፍት አድርግ» ማለት ልጆችህን ጾም አሳድር ማለት ነው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ነገሩ «በአሽከርካሪው ጥፋት» ተብሎ ይዘጋል። ባለንብረቱ የት ሄደ? «ነገ ጠዋት ይድረስልኝ» ያለው ነጋዴስ? እኔም ብሆን እንዲህ ያለውን ዜና ከፖሊስ መግለጫ ገልብጬ ጽፌያለሁ። ሾፌሩ ስንት ሰዓት ሳይተኛ እንደነዳ ግን አልጠየቅሁም።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር «ይችላል» የተባለውን መመሪያ በተግባር ያሳየን፤ የመንዳት ሰዓትም ጣሪያ ይኑረው። ቋሚ ደመወዝ በውል ይጻፍ። እስከዚያው እናንተ ደብተር ያዙ። ቁልፍ የተቀበላችሁበትን፣ ሞተር ያጠፋችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ ረዳቱም ይፈርምበት። ፍርድ ቤት የቆማችሁ ቀን ባለንብረቱ «እኔ መቼ ንዳ አልኩት?» ሲል የምታወጡት ወረቀት ይኑራችሁ።