ሰኞ ነው፣ ባቲ እንውረድ

እሱ፦ ከከሚሴ ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣ ሰው የት ይሂድ?

እሷ፦ ሰኞ ከሆነማ ባቲ ነዋ! ኮምቦልቻ ደርሰህ ወደ አፋር የሚወስደውን መንገድ ትይዛለህ፤ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

እሱ፦ ገበያም ሽርሽር ሆነ እንግዲህ?

እሷ፦ ኧረ ወንድሜ! አፋሩ ግመሉን እየሳበ፣ ኦሮሞው ከብቱን እየነዳ፣ ደገኛው እህሉን ጭኖ አንድ ሜዳ ላይ ሲገናኙ ከዚህ በላይ ምን የሚታይ አለ? ገዢው የግመሉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ሲመረምር ልጆቹ ንቅንቅ አይሉም።

እሱ፦ እናታቸውስ?

እሷ፦ ጨርቅ ተራ ናታ! ዋጋ ጠርተውላት ጥላ ትሄዳለች፤ ካልጠሯት አትመለስም።

እሱ፦ እኔ እንኳ ጉብኝትና ሸመታ ለየብቻ ይመስለኝ ነበር። የኮሪያዋ ቹንቾን የሄዱ ዘመዶች አሉኝ። መጀመሪያ በኮሪያ ጦርነት የተዋጉትን ኢትዮጵያውያን የቃኘው ዘማቾችን መታሰቢያ ጎበኙ፣ ከዚያ ለሸመታ ሌላ ሰፈር ሄዱ።

እሷ፦ ባቲ ላይ ማየቱም መግዛቱም አንድ ላይ ነው። ደግሞም የሙዚቃ ቅኝት በስሟ የተጠራላት ከተማ እኮ ናት!

እሱ፦ ፀሐዩንስ ምን ልታደርጊው ነው? ቆላ ነው፤ ሕፃን ይዞ በቀትር አይሞከርም።

እሷ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ማልዶ መውጣት፣ ውሃ መያዝ። ደግሞ ቀኑን እንዳትስቱ፤ ማክሰኞ የሄደ የሚያገኘው ወሬውን ነው።