እየጋለ የሚያስቸግር ሞተር

(በካምፓላ ካትዌ ሰፈር በጋራዥ ሥራ የምንተዳደር ኢትዮጵያውያን ለካምፑ ነዋሪዎች ያደረግነው ንግግር)



ከመካከላችሁ የመካኒክነት ሙያ ለመማር የሚፈልጉ ወጣቶች እንዳሉ፣ አንዳንዶቻችሁም ገንዘብ አዋጥታችሁ አሮጌ ሚኒባስ ለመግዛት እንደምትመካከሩ ሰምተናል። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው በካምፓላ በየሳምንቱ ስለሚያጋጥመን ችግር፣ ይኸውም ሞተሩ እየጋለ ስለሚያስቸግር መኪና ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የጋለ ሞተር የራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ካምፓላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባማ በ92 ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግን ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ውስጡ ያለው ውሃ ከ110 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ያ ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወረወራል። አብሮን የሚሠራ አንድ ልጅ በዚህ ምክንያት ደረቱና ክንዱ ተቃጥሎ ለሳምንታት ተኝቷል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ተሳፋሪው ቢቆጣም ይቆጣ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሦስት ወገኖቻችን አዋጥተው የገዙት ቶዮታ ሃይኤስ ወደ እኛ የመጣው ብዙ ገንዘብ ከበላ በኋላ ነበር። በሌላ ጋራዥ «ራዲያተሩ ተደፍኗል» ተብለው ያገለገለ ራዲያተር ገዝተዋል፤ መኪናው ግን መጋሉን አልተወም። እኛም አልተሻልንም። በሞቃት አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም የሚለውን የመንደር ወሬ ተከትለን አውጥተን ጣልነው። ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰበት! ምክንያቱን የተረዳነው ዘግይተን ነው። አንዳንድ ቴርሞስታት ከበስተታቹ ሁለተኛ ክዳን አለው፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይህ ክዳን አቋራጩን መንገድ ዘግቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር ይመራል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ክፍት ሆኖ ይቀርና ትኩሱ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ቴርሞስታት ከተጠራጠራችሁ ድስት ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አሙቁት። ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ከሰል ብቻ ነው።

በመጨረሻ ከሁሉ አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባንን ጥያቄ ሾፌሩን ጠየቅነው፦ መቼ ነው የሚግለው? «ክሎክ ታወር አጠገብ መንገድ ሲዘጋጋ መርፌው ይወጣል፤ በማሳካ መንገድ ስነዳ ይወርዳል» አለን። መልሱ እዚያው ነበር። መኪና ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ግን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያው ብቻ ነው። የዚህ መኪና ማራገቢያ መሐሉ ላይ የሲሊኮን ዘይት ያለበት ክላች አለው፤ ሙቀት ሲሰማው አጥብቆ መያዝ ይገባዋል። ሞተሩን አጥፍተን በእጃችን ብናዞረው እንደ ሕፃን መጫወቻ ብዙ ዙር ዞረ። ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። ራዲያተሩም ቴርሞስታቱም ምንም አልነበረባቸውም።

ነገሩ ተቃራኒ ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ቆሞ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም በፍጥነት ሲሄድ ቢግል፣ ያን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውሃ ፓምፕ ወይም የላላ ቺንጊያ እንጠረጥራለን። ራዲያተሩ ከውጭም ይደፈናል። የኡጋንዳ ሰዎች ንሰነኔ ብለው ጠብሰው የሚበሏቸው ፌንጣዎች በወቅታቸው ሌሊት የሚነዳ መኪና ፊት ላይ ይለጠፋሉ፤ ቀዩ አቧራ ደግሞ ይመርግባቸዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በውሃ ማጠብ ነው እንጂ በሽቦ መፋቅ አይገባም።

የሚያስፈራው የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠል ነው። ምልክቱም ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍታችሁ ስታስነሱት ውሃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል፤ ወይም መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ውሃው ይጎድላል፤ ወይም የሞተር ዘይቱ ወተት እንደ ተጨመረበት ቡና ይሆናል። እንዲህ ያለውን መኪና አትግዙ፤ የእናንተ ከሆነም አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አትንዱት። ያ ሃይኤስም ቢሆን ማራገቢያው ከተሠራ በኋላ አረፋ ማሳየት ጀመረ። በከንቱ ክፍል ስንቀያይር በቆየንባቸው ሳምንታት ደጋግሞ በመጋሉ ቴስታታው ጠሟል። ቴስታታውን አስልገን ጓርኒሲዮኑን ስንቀይር የእጃችንን ዋጋ አልተቀበልንም፤ ሦስቱ ወገኖቻችን ግን መኪናው በቆመበት ጊዜ ሁሉ ያለ ገቢ ቆይተዋል።

ውሃን በተመለከተ፣ የጉድጓድ ውሃ በሞተሩ ውስጥ እንደ ጀበና ዝቃጭ ይጋገራል። የዝናብ ውሃ አጠራቅማችሁ ከኩላንት ጋር እኩል ቀላቅሉ። ኩላንት ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚሏችሁን አትስሙ፤ ዝገት ይከላከላል፤ ውሃውም ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል።

መኪና ይዛችሁ ወደ ጋራዥ ስትመጡ «ይግላል» ብቻ አትበሉን። ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ? ከስንት ደቂቃ በኋላ? ውሃ ይጎድላል ወይስ አይጎድልም? እነዚህን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልን።