ብሬከሩ ያልጣለ ዕለት
(በምሩቃን ማኅበሩ የዳግም መገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ስትሰሙ ስለዋላችሁ፣ እኔ ስለ አንዲት ቀጭን ሽቦ ላውራችሁ።

ያደግሁት ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ነው። ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀም ነበር። ሦስተኛ ዓመት ሆኜ ለእረፍት ስገባ አንዲት ጎረቤታችን፣ «ልጄ፣ አንተ ኤሌክትሪክ አይደል የምትማረው? ለእኔም የምጣድ መስመር ቀጥልልኝ» አሉኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ደግሞም ኮራሁ። ከዋናው 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ላይ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቀጥዬ በኮርኒሱ ውስጥ 12 ሜትር ያህል ሳብኩት። ዋናው ብሬከር 40 አምፔር ነበር። «ብሬከር አለ» ብዬ ዝም አልኩ።

አንድ ቅዳሜ 3,500 ዋት ምጣድና 2,000 ዋት ምድጃ አብረው ተሰኩ። በ220 ቮልት ሲሰላ 25 አምፔር ነው። ለብሬከሩ ይህ ምንም አይደለም፤ ለዚያች ሽቦ ግን ከአቅሟ በላይ ነው። ፕላስቲኩ ቀለጠ፣ ኮርኒሱ ጨሰ። ብሬከሩ አልጣለም። ሽታው ቀድሞ ስለደረሰን ዋናውን በእጃችን አጠፋነው። ሰው አልተጎዳም። እሳቸውም አልተቆጡኝም፤ «ተመስገን» ብቻ አሉ። እኔን የቆጨኝ ግን ያንኑ ጥያቄ ፈተና ላይ በትክክል መልሼው ስለነበር ነው።

ደንቡ ቀላል ነው፦ ሽቦ በሚቀጥንበት ቦታ የቀጭኑን አቅም የሚመጥን ብሬከር ይገባል። አይኢሲ 60364 ብሬከሩ ከቅጥያው እስከ 3 ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል፤ ሽቦው ግን ለአጭር ዙር እንዳይጋለጥና ተቀጣጣይ ነገር አጠገብ እንዳያልፍ ያዛል። የአሜሪካው ደንብ እስከ 7.6 ሜትር የሚፈቅድበት ሁኔታ አለው፤ ያኔም የቅጥያው አቅም ቢያንስ ከላይ ያለው ብሬከር ሲሶ መሆን አለበት። በሁለቱም ግን ቅጥያው የራሱ ብሬከር ላይ ያርፋል። የእኔ ቅጥያ ምንም አልነበረውም።

በ2017 ዓ.ም. ብዙው የካዛንቺስ ሰፈር በኮሪደር ልማት ሲነሳ ያ ግቢ አብሮ ሄደ። ቅጥያ ግን ከሰው ጋር ይሄዳል፤ ባለ ብዙ ተከራይ ቤት ባለበት ሁሉ አለ።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን የመንደር ግቢ ውስጥ ይዛችሁ ግቡ። «ይቺ ሽቦ ብትግል የትኛው ብሬከር ያያታል?» ብላችሁ ጠይቋቸው።