ከሉማሜ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱና ሰዓቱ



ዋሽንግተን ያለች ልጅ ሉማሜ ላሉት እናቷ ትኬት ስትልክ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠይቀው ኪሎ ሜትሩን አይደለም። «ስንት ሰዓት ተቀምጠው ይችሉታል?» ይባባላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ የመልሱ መጀመሪያ ግን ቦሌ ሳይሆን አባይ በረሃ ነው።

በቀጥታ መስመር ቢለካ ሉማሜ ከአዲስ አበባ የምትርቀው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአስፋልቱ ከ250 ይበልጣል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጎዳና ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ መልሶ ያንኑ ያህል ዳገት ይወጣል። የተጫነ ተሳቢ ከፊት ከገባ፣ በዚህ ቁራጭ መንገድ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚደረገው በረራ ሊበልጥ ይችላል። ያ በረራ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው።

አውሮፕላንም ቢሆን እንደ ዘመኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ ባለ ሁለት ሞተሩ ዳኮታ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዝ ነበር። ዛሬ ያንን 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ጄት በአራት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል።

አዲስ አበባና ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ርቀቱ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው ነው። ሆኖም መሄጃው ወደ 17 ሰዓት ሲወስድ መመለሻው በ13 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ለምን?

አንዱ ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ይገኛል፤ የአየሩም ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በሳሳ አየር ክንፉ በቂ ጉልበት የሚያገኘው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ሞተሩም ይደክማል። ስለዚህ ሙሉ መንገደኛ የያዘ አውሮፕላን እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ጭኖ ከቦሌ መነሣት ይቸግረዋል። ደብሊንን በመሰለ ከተማ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው ለዚህ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ ከዚያ ሲነሣ የሚበቃውን ነዳጅ ይዞ አንድ ጊዜም ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የመጀመሪያው ድሪምላይነር አውሮፕላን አገር ቤት የገባውም በዚሁ መስመር ነበር።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በአትላንቲክ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ መሄጃውን ከፊት ይገታል፤ መመለሻውን ከኋላ ይገፋል።

እንግዲህ ቤተሰብ ሊቆጥር የሚገባው ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ብቻ አይደለም። በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ማደር፣ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ቦሌ መድረስ፣ መሀል ላይ ነዳጅ እስኪሞላ መጠበቅ፣ ሁሉም ይደመራል። ቋንቋው ለሚከብዳቸውና እግራቸው ለደከመ እናት ተሽከርካሪ ወንበር ትኬቱ ሲቆረጥ ሊጠየቅ ይገባል፤ ቦሌ ከደረሱ በኋላ መሯሯጡ ያደክማል። በጉዞው ላይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ መንቀሳቀስ ለደም ዝውውር ይበጃል። የዋሽንግተን ሰዓት ከእኛ በበጋቸው በሰባት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የመዋጫ ሰዓቱን እንዴት እንደሚያሸጋሽግ ከመነሣቱ በፊት ሐኪሙን ጠይቆ በወረቀት አስጽፎ ይያዝ።